ናሳ ያነሳው እያለ የኔ ፎቶ ምን ያደርጋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ጅማ መርካቶ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ያገለገለች ባለ 70 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ገዝቼ ማታ ማታ ጁፒተርን በስልኬ አነሳለሁ፤ የሚወጣው ግን ብዥ ያለ ነጭ ነጠብጣብ ነው። እህቴ «ናሳ ያነሳው ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ የለ፣ እንቅልፍህን ለምን ታጣለህ?» ትለኛለች። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ ኧረ እንዳትተወው! እህትህ አሳስበሃት ነው፣ የናሳ ፎቶ ከአንተ የጠራ መሆኑም እውነት ነው። ግን ትናንት ማታ አንተ ያየሃትን ጁፒተር አያሳይህም። ጁፒተር 10 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አንዴ በራሷ ላይ ትዞራለች፤ ስለዚህ ማታ 3 ሰዓት ላይ አንስተህ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ብትደግማት የምታገኘው ሌላኛውን ፊቷን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አንቶኒ ዌስሊ የሚባል አውስትራሊያዊ የኮምፒውተር ፕሮግራመር ቤቱ ሆኖ ሲያነሳት ከደቡብ ዋልታዋ አጠገብ ጥቁር ምልክት አየ። ለካ የሆነ ነገር ተጋጭቷት ኖሯል! ናሳ ሃዋይ ባለው ቴሌስኮፑ ያረጋገጠው እሱ ከተናገረ በኋላ ነው።

ወደ ነጠብጣብህ እንምጣ። ነጭ የሆነችው ስልኩ ጨለማውን ሰማይ አይቶ ብርሃን ስለሚያበዛ ነው። ስክሪኑ ላይ ጁፒተርን ጫን አድርገህ ያዝና ብርሃኑን ወደ ታች ጎትተው። ብዥታው ደግሞ የአየር ነው፤ ከጋለ ምጣድ በላይ አየሩ ሲርገበገብ አይተህ የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ለዚህ ነው ፎቶ ሳይሆን ቪዲዮ የሚያስፈልግህ። ሁለት ደቂቃ ያህል ቅዳ፣ ከዚያ ኦቶስታከርት የሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቪዲዮው ውስጥ ካሉት በሺዎች ከሚቆጠሩ ምስሎች አየሩ ለአፍታ ጸጥ ሲል የተነሱትን መርጦ ይደራርብልሃል። በጣም አታስረዝመው፣ ጁፒተር እየዞረች ነዋ። ደግሞ በጎረቤት ቆርቆሮ በኩል አታንሳ፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት አመሻሹ ላይ ይተፋዋል። እኔ ሁለቱ ቡናማ የደመና መቀነቶቿ መጀመሪያ የወጡልኝ ቀን እናቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ ነው ያሳየኋት።

አንተ ደግሞ ብዙ ሰው የሌለው ሙያ አለህ። አሮጌ ዌብካም ፈትተህ ሌንሱን አውልቅና ቴሌስኮፑ ላይ በዓይን ሌንሱ ቦታ ግጠመው፤ ብዙ አማተሮች የጀመሩት እንዲህ ነው።

ቦታህም መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ጁፒተር ለንደን ላለ ሰው ከአድማስ 16 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነበር የምትወጣው፣ ለጅማ ግን 60 ገደማ። ከፍ ባለች ቁጥር ብርሃኗ የሚያቋርጠው አየር ይቀንሳል። ችግራችን ክረምቱ ነው፤ ሰኔ ከገባ ሰማዩን ማግኘት ከባድ ነው፣ ከጥቅምት በኋላ ግን ይከፈታል።

መቀነቶቿ እስኪወጡልህ ድረስ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸውን አራት ጨረቃዎች ተከታተል፣ ለነሱ 70 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ለእነሱ ብርሃኑን መልሰህ ጨምር፣ ደብዛዛ ናቸው። አዮ የምትባለው 42 ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ አንዴ ትዞራታለች፤ በአንድ ምሽት በየሰዓቱ ብታነሳት ቦታዋን ስትቀይር ታያለህ። ፎቶዎቹን በተርታ ደርድረህ መጀመሪያ ለእህትህ አሳያት፣ ከዚያ ለእኛ ላክልን፤ በደስታ እናወጣቸዋለን።