ቶርፔዶው ለምን ይስታል? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ስለ ጦር አውሮፕላን ሲሙሌተር ጌም ከጻፍኩ በኋላ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ አየኋቸው። አብዛኞቹ ስለ ቶርፔዶ ናቸው፤ ከአውሮፕላን ተለቆ ውሃ ውስጥ ራሱ እየሄደ መርከብ ስለሚመታው መሣሪያ። ደስ ነው ያለኝ፤ ከጌሙ ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነውና። ጅማን ታውቋታላችሁ፣ ከሰዓት ዝናቡ አንዴ ከጀመረ መውጫ የለም። ቡናው ይፈላል፣ እኔም ጆይስቲኬን ይዤ ወደ ባሕሩ እወርዳለሁ።

«ቶርፔዶዬ ውሃ ሲነካ ይሰበራል። ችግሩ የጌሙ ነው?» (ከመንቲና)

ጌሙ ምንም አልሆነም ወንድሜ። ወይ ፈጥነህ ወይ ከፍ ብለህ ነው የምትለቀው። ቶርፔዶን እንደ ቦምብ አትየው። ውስጡ ሞተር፣ መሪና ጥልቀቱን የሚጠብቅለት መሣሪያ አለ፤ ራሱን የቻለ ትንሽ ጀልባ ነው። አሜሪካኖቹ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የጀመሩበት ማርክ 13 ቶርፔዶ ከ15 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ በሆነ ፍጥነት ነበር መለቀቅ ያለበት። ለጦር አውሮፕላን ይሄ መዳህ ነው። በኋላ አፍንጫው ላይ የእንጨት ሽፋን፣ ጭራው ላይ ቀለበት ሲጨመርለት ነው ከብዙ መቶ ሜትር ላይ መልቀቅ የተቻለው። ስለዚህ የያዝከው የትኛው እንደሆነ እይ። መሣሪያ በምትመርጥበት ገጽ ላይ ገደቡ ተጽፎ ከሆነ አንብበው፣ ካልተጻፈ በ15 ሜትር ከፍታና በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ጀምርና ቀስ እያልክ ጨምር።

ይሄን ሁሉ አድርገህም ከተሰበረ ክንፍህን ተመልከት። ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ከፍታው ልክ፣ ፍጥነቱም ልክ ነው። ግን ቁልፉን ከመጫኑ ትንሽ ቀደም ብሎ እጁ ጆይስቲኩን ወደ ግራ ይገፋል፤ ለማምለጥ ቸኩሎ ነው። ቶርፔዶው በጎኑ ወደቀና ተሰባበረ። «ልቀቅ፣ አንድ ሁለት ብለህ ቁጠር፣ ከዚያ ዙር» አልኩት። በሚቀጥለው ቀጥ ብሎ ገባለት፣ ነጩ መስመር ውሃው ላይ ሲሰመር ከወንበሩ ተነሳ።

«መርከቡ ላይ አነጣጥሬ እለቃለሁ፣ ሁሌ ከኋላው ያልፋል።» (ከአጋሮ)

መርከቡ ላይ ስለምታነጣጥር ነው። ኳስ የምታይ ከሆነ ይገባሃል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ አማካዮቹ ኳሱን አጥቂው ከቆመበት ቢያቀብሉት ኖሮ አንድም ጎል ባልገባ ነበር። የሚሮጥ ሰው ፊት ለፊት ነው የሚጣልለት።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቶርፔዶህ በሰዓት 62 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል፣ ማርክ 13 በዚህ አካባቢ ነው። ከ1000 ሜትር ከለቀቅከው ለመድረስ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። አንድ ደቂቃ በጣም ብዙ ነው! የጭነት መርከብ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ በዚያ ደቂቃ ከ330 ሜትር በላይ ሄዷል። ሊበርቲ የሚባሉት የጦርነቱ ዘመን የጭነት መርከቦች ርዝመታቸው 135 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ከጎኑ ከመጣህ ከመርከቡ መሃል ተነስተህ ሁለት ተኩል የመርከብ ርዝመት ቀድመህ ማነጣጠር አለብህ ማለት ነው። አሁን ደግሞ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ዲስትሮየር፣ ማለትም ፈጣን የጦር መርከብ አስብ። በአንድ ደቂቃ ከ900 ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ቶርፔዶህም ከእሱ ብዙም አይፈጥንም። ከጎኑ ከለቀቅክ ማሳደድ ነው የሚሆንብህ። እንዲህ ያለውን ከፊት በኩል ሰያፍ ሆነህ ጠብቀው፣ እሱ ራሱ ወደ ቶርፔዶው ይመጣልሃል።

ለጀማሪ የምመክረው በጭነት መርከብ መለማመድ ነው። አንድ ወጣት የላፕቶፑ ስክሪን ላይ፣ ከማነጣጠሪያው ግራና ቀኝ፣ ቀጭን የቁስል ፕላስተር ቆርጦ ለጥፎ አይቻለሁ። ወደ ቀኝ የሚሄድ መርከብ በግራ ምልክት ላይ ሲሆን ይለቃል፣ አለቀ። ግሩም ዘዴ ነው፤ ዙም ካደረግክ ግን ምልክቱ አይሠራም።

«በትክክል መታሁት፣ ግን አልፈነዳም።» (ከሄርማታ)

ቀርበሽ ለቀሻል እህቴ። ቶርፔዶ ውሃ ውስጥ የተወሰነ ርቀት ካልሄደ ፈንጂውን የሚያፈነዳው ፊውዝ አይዘጋጅም። በእውነተኛው ላይ ውሃው የሚያሽከረክራት ትንሽ ፕሮፔለር አለች፣ እሷ በቂ ዙር ካልዞረች ፍንዳታ የለም። በ200 ሜትር አትልቀቂ። ከ700 እስከ 1000 ድረስ ጥሩ ነው።

«ወደብ ውስጥ የቆመ መርከብ ላይ ስለቅ ጭቃ ውስጥ ይገባል።» (ከጅሬን)

ጃፓኖችንም ያስጨነቃቸው ይሄው ነበር። ፐርል ሃርበር ጥልቀቱ 12 ሜትር ገደማ ነው፣ ከአውሮፕላን የወደቀ ቶርፔዶ ደግሞ መጀመሪያ ከዚያ በላይ ጠልቆ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ጭራው ላይ ውሃ ሲነካ የሚወልቅ የእንጨት ክንፍ ገጠሙለት፣ ዝቅ ብሎ መብረርንም ደጋግመው ተለማመዱ። አንተም ዝቅ በል፣ ቀስ በል፤ ጌምህ ጥልቀት የሚያስመርጥ ከሆነም ትንሹን ምረጥ።

«ሁሌ መርከቡ ዞር ብሎ ያመልጠኛል።» (ከአጋሮ፣ ሌላ ሰው)

ብቻህን አትሂድ። ጎበዝ ካፒቴን ቶርፔዶ ሲያይ መርከቡን ከቶርፔዶው አቅጣጫ ጋር ትይዩ ያደርገዋል፣ ያኔ የምትመታው ነገር ጠባብ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1941 የእንግሊዙ የጦር መርከብ ሪፐልስ እየተጠማዘዘ ብዙ ቶርፔዶ ካመለጠ በኋላ ነው ከተለያየ አቅጣጫ ባንድ ጊዜ ሲመጡበት ተመትቶ የሰመጠው። ጓደኛህን ደውልለት። አንተ ከፊት በቀኝ፣ እሱ ከፊት በግራ፣ አንድ ላይ ቆጥራችሁ ልቀቁ። ወደ አንተ ሲዞር ለእሱ ጎኑን ይሰጠዋል።

«ከለቀቅኩ በኋላ ሁሌ ያወርዱኛል። ምን ይሻለኛል?» (ከፈረንጅ አራዳ)

ወደ ላይ አትውጣ። ብዙ ሰው የሚሞተው መርከቡ ላይ ሽቅብ ሲወጣ ሆዱን ለመትረየሱ ስለሚሰጥ ነው። ውሃው ላይ ተለጥፈህ ከመርከቡ ኋላ በኩል እለፍ፣ ግራ ቀኝ እየወዘወዝክ ራቅ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አለ፤ አጃቢ ተዋጊ ሳይኖርህ፣ ከላይም ቦምብ ጣዮች የጠላትን ዓይን ሳይስቡልህ አትግባ።

ይሄን ስጽፍ አሜሪካኖችና ጃፓኖች የተዋጉበት የሚድዌይ የባሕር ውጊያ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1942 ቶርፔዶ 8 የሚባለው የአሜሪካ ክፍል 15 ዲቫስቴተር አውሮፕላን ይዞ ያለ አጃቢ ገባ። አስራ አምስቱም ወደቁ። ከ30 ሰው የተረፈው ጆርጅ ጌይ ብቻ ነው፣ ባሕሩ ላይ ተንሳፍፎ የቀረውን ውጊያ አየ። የለቀቁት ቶርፔዶ አንዱም አልመታም። ያንን ሚሽን ስጫወት የጠላት ተዋጊዎች ከደመናው ሲወርዱብኝ እጄ ያልበኛል፤ እነዚያ ልጆች እኮ አብዛኞቹ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ።

«ለመጀመር የትኛው አውሮፕላን ይሻላል? ጆይስቲክም የለኝም።» (ከጅማ ዩኒቨርሲቲ)

ጌምሽ ውስጥ ካለ ሶርድፊሽ የሚባለውን የእንግሊዝ አውሮፕላን ውሰጂ። ባለ ድርብ ክንፍ፣ አብዛኛው አካሉ በጨርቅ የተሸፈነ፣ ቀርፋፋ ነው። ቀርፋፋነቱ ግን ለቶርፔዶ የተፈጠረ ነው፤ ፍጥነት ለመቀነስ አትታገይም፣ ለማሰብ ጊዜ ይሰጥሻል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1940 ጣራንቶ ወደብ ላይ 21 ሶርድፊሾች በሌሊት ገብተው ሦስት ትልልቅ የጣሊያን የጦር መርከቦችን መቱ። በግንቦት 1941 ደግሞ የጀርመኑን የጦር መርከብ የቢስማርክን መሪ የቆለፈችው ቶርፔዶ የተለቀቀችው ከሶርድፊሽ ነው። ማውስ ይበቃሻል፤ ጥግ ላይ ያለውን የከፍታ ቁጥር እያየሽ ሃያ ጊዜ ያህል ባዶ ባሕር ላይ ልቀቂ። መርከብ ከዚያ በኋላ ፈልጊ።