የአንባቢያን ጥያቄ፦ ወንዶች ጥቁር ሴት ሆነው የሚያስቁበት ኮሜዲ

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ የቴአትር ክበቡንም አስተባብራለሁ። ልጆቹ ለዓመቱ መዝጊያ በሚለማመዱት አጭር ኮሜዲ አንድ ወንድ ተማሪ ድሪያ ለብሶ፣ ከውስጥ ትራስ አስሮ፣ ፊቱን በከሰል አጥቁሮ፣ በአሜሪካ ፊልሞች እንደምናያት ያለች ጯኺና ተደባዳቢ ጥቁር ሴት ይሆናል። ስናየው ሁላችንም ሳቅን። ብዙም ሳይቆይ ግን ወፈርና ጠቆር ያለች አንዲት ተማሪ በገጸ ባሕርይዋ ስም ትጠራ ጀመር፤ ከክበቡም ቀረች። ባልደረቦቼ «እኛው ጥቁሮች ሆነን ይህ እንዴት ስድብ ይሆናል?» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል? (መምህርት፣ ከከዚራ)

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ የልጅቷ መቅረት ብቻውን ልምምዱን ለማቆም በቂ ምክንያት ነው። የባልደረቦችዎ ጥያቄም መልስ የሚገባው ስለሆነ፣ ይህች ጯኺ ሴት ወደ መድረኩ እንዴት እንደወጣች ከሥሩ እንመልከት።

ባርነት ገና ባልተሻረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ፣ በአሜሪካ ከተሞች እጅግ ከሚወደዱት መዝናኛዎች አንዱ ነጭ ወንዶች ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ እያጠቆሩ ጥቁሮችን የሚያስመስሉበት ትርዒት ነበር። ጥቁር ሴት ሆነው የሚቀርቡትም ወንዶች ነበሩ፤ ሴቲቱን አንዳንዴ መልከ ጥፉና ወንዳወንድ፣ አንዳንዴም ወንድ አሳዳጅ አድርገው ያሳዩአት ነበር። ስለ እርሷ ይዘፈናል፣ በእርሷ ይሳቃል፤ እርሷ ራሷ ግን መልስ የምትሰጥበት ቦታ አልነበራትም። ከዚህ ጎን ለጎን «ማሚ» የተባለችው ሞግዚት ተፈጠረች፤ ወፍራም፣ ሻሽ ያሰረች፣ የጌቶቿን ልጆች ከራሷ ልጆች አስበልጣ የምትወድ ተደርጋ የተሣለች ሴት ናት። ይህ ሥዕል ባርነትን የቤተሰብ ፍቅር አስመስሎ ለማሳየት ጠቅሟል። በሁለቱም ምስሎች ውስጥ የሚደክማት፣ የሚከፋት፣ በእውነት የሚያፈቅራት ያላት ሴት የለችም።

ቡሹ ሲቀር ልማዱ አልቀረም፤ በኋለኛው ዘመን ቀሚሱን የለበሱት ጥቁር ወንዶች ራሳቸው ናቸው። ኮሜዲያኑ ፍሊፕ ዊልሰን እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1974 በቆየው የቴሌቪዥን ዝግጅቱ ያቀረባት ጄራልዲን በራሷ የምትተማመን፣ ማንም የማይደፍራት ሴት ስለነበረች፣ ከኋላ ከመጡት ጋር አንድ ላይ ልፈርጃት አልፈልግም። ተዋናዩ ማርቲን ላውረንስ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ፊልም በትልቅ ሰው ሠራሽ ገላ ውስጥ ገብቶ አሮጊት ሆኖ ቀረበ። ከሁሉም የከፋ ሆኖ የሚታየኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው «ኖርቢት» ነው። በዚህ ፊልም ኤዲ መርፊ እጅግ ወፍራም፣ ጨካኝና ባሏን የምታሰቃይ ሚስት ሆኖ ሲጫወት፣ ባልየው የሚያፈቅራት ሌላዋ ሴት ቀጭንና ቀላ ያለች ናት። ተመልካቹ ክፋትን ከውፍረትና ከጥቁረት፣ ደግነትን ከቅጥነትና ከቅላት ጋር አዛምዶ እንዲወጣ ተደርጓል፤ የሚስቲቱን ገላ የሠራው ሜካፕም ለኦስካር ታጭቷል።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ተመልካች በአንድ ዓይን አያይም። ጥቁሩ ተዋናይና ደራሲ ታይለር ፔሪ በፊልሞቹ ቀሚስ ለብሶ የሚጫወታትን አሮጊት፣ ማዲያን፣ በእናቱና በአክስቱ አምሳል እንደፈጠራት ይናገራል፤ ከአድናቂዎቿም ብዙዎቹ ጥቁር ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ወንድ ቀሚስ መልበሱን ብቻ አይቼ አልፈርድም። የእኛም ሀገር ዘመናዊ ቴአትር ሲጀመር፣ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር፣ በሀገር ፍቅር መድረክ ሳይቀር የሴቶቹን ቦታ የሚሸፍኑት ወንዶች ነበሩ። የሚለየው ሴቲቱ ሰው ሆና መጻፏና ራሷ የምትጫወትበት ዕድል መኖሩ ነው። ጥቁሩ ኮሜዲያን ኬናን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ2013 በሚሠራበት ታዋቂ የአሜሪካ የኮሜዲ ዝግጅት ከእንግዲህ ጥቁር ሴት ሆኜ አልጫወትም ያለው፣ በተዋንያኑ መካከል አንዲትም ጥቁር ሴት ባልነበረችበት ጊዜ ነው። ጉዳዩ ብዙ ካነጋገረ በኋላ ጥቁሯ ኮሜዲያን ሳሺር ዛማታ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 በዝግጅቱ ተቀጠረች።

«እኛው ጥቁሮች ሆነን» የሚለው መከራከሪያ የሚጸናው በመካከላችን ቀለም የማይለይ ቢሆን ነበር። እውነቱን እንናገር፤ ለሙሽራ ሲታጭ «ቀይ ናት» ማለት ሙገሳ ነው፣ ጥቁረትን ከባርነት ጋር የሚያያይዘውም ስድብ ከአፋችን አልጠፋም። ያቺ ተማሪ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ይህን ስትሰማ እንዳደገች አልጠራጠርም። ደግሞስ ልጁ በራሱ ጥቁር ከሆነ ከሰሉ ለምን አስፈለገ? ከእኛ ይልቅ የጠቆረ ሰው በጥቁረቱ ብቻ ያስቃል ብለን ስላመንን ነው።

እንግዲህ ከሰሉንና ትራሱን ያስቀሩ፤ በስሙ መጠራራቱንም ከቴአትሩ ለይተው እንደ ስድብ ይከልክሉት። ልጅቷን በክፍል ፊት ሳይሆን ለብቻዋ ያነጋግሯት፤ መመለስ ካልፈለገች አያስገድዷት። ኮሜዲው ግን አይቅር። የቀፊራ ገበያ ነጋዴ ሴት ትጻፍላችሁ፤ ከአንዱ ደንበኛ ጋር በኦሮምኛ ተከራክራ፣ ወደ ሌላዋ ዞራ በሶማሊኛ ዋጋ ጠርታ፣ ሦስተኛውን በአማርኛ «አቦ፣ ተወኝ!» ብላ የምታባርር፣ ሂሳቧን ሳትሳሳት በጭንቅላቷ የምትይዝ ሴት። ታዳሚው በብልጠቷ ይሳቅ። እርሷን ሴት ተማሪዎች ይወዳደሩባት። ትራስ አስሮ የነበረው ልጅም ጥሩ አስቂኝ እንደሆነ ከደብዳቤዎ መረዳት ስለሚቻል፣ እንዳያፍርና ከክበቡ እንዳይርቅ፣ ዋጋ ላስቀንስ ብሎ መጥቶ ከተጠየቀው በላይ ከፍሎ የሚሄደውን ደንበኛ ይስጡት።