«እስክበቃ ልቆይ» ለምትል እህት

ጥያቄ፦ መምህር፣ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ንስሐ ገብቼ ቀኖናዬን ከፈጸምሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። የንስሐ አባቴ «ቁረቢ» ይሉኛል፤ እኔ ግን ቀኑ በደረሰ ቁጥር ተናድጄ ወይም ሰው አምቼ እገኛለሁ፤ «እንደ እኔ ያለች ኃጢአተኛ እንዴት ትቀርባለች» ብዬ እተወዋለሁ። ኃጢአቴን ማወቄ ትሕትና አይደለምን? እስክበቃ ብቆይስ?

መልስ፦ ልጄ፣ ስለ ጾሙና ስለ ዝግጅቱ አባትሽ ነግረውሻልና አልደግመውም። «እስክበቃ» ያልሽው ቃል ግን ያሳስበኛል። በዚህ ቃል ተይዘው ጠጉራቸው የሸበተ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

እሑድ ቅዳሴው ወደ ማለቂያው ሲደርስ ወደ ሥጋ ወደሙ የሚቀርቡትን አስተውለሽ ይሆናል። በእናቶቻቸው ክንድ ያሉ ሕፃናት ይቀድማሉ፤ በኋላ ከዘራ የያዙ አረጋውያን ይከተላሉ። በመካከል ያለው ዕድሜ የት ሄደ? ነጠላውን አጣፍቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከሌሊት ጀምሮ ያስቀደሰ ነው፤ «ለምን አትቀርብም» ሲሉት «ገና ነኝ፣ አልበቃሁም» ይላል። ይህን ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ። ፈተናው በሚበረታበት ዕድሜ ከመድኃኒቱ ርቀን፣ ጉልበታችን ሲደክም ልንቀርብ!

ኃጢአቴን ማወቄ ትሕትና አይደለምን ብለሻል፤ ኃጢአትን ማወቅ ግን እንደ አዳም መሸሽም ይሆናል። «ዕራቁቴንም ስለ ሆንሁ ፈራሁ፥ ተሸሸግሁም» ብሎ ዛፍ ውስጥ ገባ። የጠፋው ልጅም በደሉን አውቋል፤ ነገር ግን እሪያ ሲጠብቅበት ከነበረው ሜዳ ተነሥቶ ወደ አባቱ ሄደ። «ልጅህ ልባል አይገባኝም» ያለው አባቱ አንገቱን አቅፎ ከሳመው በኋላ ነው። ከሁሉ የተሻለውን ልብስ ያለበሱትም ወደ አባቱ ከመጣ በኋላ እንጂ አስቀድሞ አልነበረም።

«እስክበቃ» ስትዪ በማን ኃይል ነው የምትበቂው? ጌታ «ያለ እኔ ምንም ልታደርጉ አትችሉምና» ብሏል። ልጄ፣ አትቀየሚኝና በዚህ ቃል ውስጥ የተሸሸገ ትምክህት አለ። አንድ ቀን በራሴ ንጽሕና እቆማለሁ የሚል ተስፋ ነው። ቀራጩ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሳያነሣ ደረቱን እየመታ «ማረኝ» አለ። «እስክበቃ» የሚል ሰው ግን ሳያውቀው «እንደ ሌሎች ሰዎች ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ» ያለውን የፈሪሳዊውን ጸሎት መጸለይ የሚችልበትን ቀን ይጠብቃል።

«ሐዋርያው ጳውሎስ ሳይገባው የበላ ዕዳ አለበት ብሎ የለምን» ትዪኝ ይሆናል። ብሏል፤ እኔም ቃሉን አላቀልለውም። ንስሐ ሳይገቡ፣ ቂም ይዘው፣ ከኃጢአት ጋር ተስማምተው ደፍሮ መቁረብ አስፈሪ ነው። በቆሮንቶስ የገሠጻቸው አንዱ ሲራብ ሌላው እየሰከረ፣ ድሆችን እያሳፈሩ ይሰበሰቡ ስለ ነበር ነው። ነገር ግን ቀጥሎ ያለውን አንብቢ፦ «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ»። ራሱን ይፈትንና ወደ ቤቱ ይመለስ አላለም።

ቅዳሴያችንንም አድምጪ። ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» (የተቀደሰው ለተቀደሱት) ሲል ሕዝቡ «እኛ ቅዱሳን ነን» ብሎ አይመልስም፤ «አሐዱ አብ ቅዱስ» (ቅዱስ አብ አንድ ነው) እያለ ቅድስናውን ሁሉ ለሥላሴ ይሰጣል፤ ከዚያም «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» (አቤቱ ክርስቶስ ሆይ ማረን) ይላል። አንቺ ለመቅረት ምክንያት ያደረግሽውን «አይገባኝም» ቤተ ክርስቲያን የሰጠችው ሊቀበል ለቀረበ ሰው ነው። የሚቆርብ ሰው «ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ከቤቴ ጣራ በታች ልትገባ አይገባኝም» ብሎ በደሉን ይናዘዛል። ከዚያ በኋላ ግን ጾሜን፣ ስግደቴን እይልኝ አይልም፤ ስለ ሰው መሆንህ፣ ስለ መስቀልህ፣ ስለ ሞትህና ስለ ትንሣኤህ ብለህ ይላል። ይህን ጸሎት ሳነብ እኔም ካህን ሆኜ እንኳ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ነገር ግን ወደ ፊት ይስበኛል እንጂ ወደ ኋላ አይመልሰኝም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ወደ አባትሽ ሂጂ። ያማሻትን ሴት፣ የተናደድሽበትን ነገር ሳትሸፍኚ ንገሪያቸው፤ የተቀየመሽ ሰው ካለም አስቀድመሽ ታረቂ። «ቆዪ» ካሉሽ ቆዪ፤ ይህን መወሰን የእርሳቸው ነው። «ቅረቢ» ካሉሽ ግን ነጠላሽን አጣፍተሽ ከእነዚያ ሕፃናት ኋላ ተሰለፊ፤ «አይገባኝም» የሚለውንም እዚያው ሆነሽ ጸልዪው።