መምህሩ ስለ ልጄ የነገረኝን እንዴት ልረዳው? ስለ ኤዲኤችዲ ጥያቄና መልስ

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት መምህርት ነኝ። ከዚህ በታች የምመልሳቸው፣ መምህራን የትኩረት ማነስና ቅብጥብጥነት (ኤዲኤችዲ) ስለሚታይባቸው ልጆች ለወላጅ የሚናገሩትን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ናቸው።

ጥያቄ (እናት፣ ፒያሳ)፦ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ በሆነው ልጄ ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ በየሳምንቱ «ይረብሻል፤ ምክር ይስጡት» ተብሎ ይጻፋል። ብመክረውም ብቀጣውም ለውጥ የለም። ኤዲኤችዲ ይሆን?

መልስ፦ በዚህ ዓረፍተ ነገር ብቻ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ከመቀመጫው የሚነሣውም፣ ጓደኛውን የሚመታውም፣ ሥራውን ቀድሞ ጨርሶ የሚያወራውም ልጅ «ይረብሻል» ይባላል፤ የሦስቱም መነሻ ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ ባሕርይው የሚታየው በየትኛው ክፍለ ጊዜ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ልጁ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ከእኩዮቹ አንጻር ምን ያህል እንደሚደጋገምና ምን ሲደረግለት እንደሚረጋጋ መምህሩን በትሕትና ይጠይቁ። «በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሦስት ጊዜ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ጥያቄውን ሳልጨርስ መልሱን ተናገረ፤ አጠገቡ ቆሜ መመሪያውን ስደግምለት ግን ሥራውን ጨረሰ» የሚል አንድ ማስታወሻ የዓመት ስሞታ ከሚሰጠው በላይ መረጃ ይሰጣል። በተለይ የመጨረሻው ሐሳብ ልጁን ምን እንደሚረዳው ስለሚጠቁም፣ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምፈልገው እርሱን ነው።

ምርመራውም የሚመሠረተው በእንዲህ ያለ ገለጻ ላይ ነው፤ ኤዲኤችዲ በደም ምርመራ ወይም በራጅ አይታወቅምና። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመዘኛ መሠረት፣ በልጆች ላይ ከ9 የትኩረት ማነስ ምልክቶች ወይም ከ9 የቅብጥብጥነትና የችኩልነት ምልክቶች ቢያንስ 6ቱ ለ6 ወራትና ከዚያ በላይ መታየት አለባቸው። ከዚህም ሌላ አንዳንዶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ የሚታዩና የልጁን ትምህርት ወይም ኑሮ የሚያውኩ መሆን ይኖርባቸዋል። የቤቱን እርስዎ ያውቃሉ፤ የክፍሉን የሚያውቀው መምህሩ ነው። ቅጣቱን ግን እባክዎ ያቁሙት። ጠዋት በክፍል ለሆነው ነገር ማታ ቤት የሚቀጣ ልጅ ሁለቱን ማያያዝ ይቸግረዋል፤ ሆነ ብሎ ያላደረገውንም በቅጣት አይተወውም።

ጥያቄ (መምህር፣ ካዛንቺስ)፦ ወላጅ ስጠራ አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ልጁን እፊቴ ይመታዋል። እንዴት ልናገር?

መልስ፦ ልጁ በሌለበት፣ በር ላይም ሳይሆን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ያዩትን ይናገሩ እንጂ የሕመም ስም አይስጡ፤ «ልጅዎ ኤዲኤችዲ አለበት» ማለት የሐኪም ሥራ ነው፣ «ባለጌ ነው» ማለት ደግሞ የማንም ሥራ ሊሆን አይገባም። ከዚያ እርስዎ የሞከሩትን፣ ለምሳሌ ፊት ለፊት ማስቀመጥን ወይም ሥራውን በአጭር በአጭሩ መስጠትን፣ ከነውጤቱ ያስረዱ። እንቅልፉ፣ ዓይኑና ጆሮው እንዴት እንደሆነም ይጠይቁ። ወላጁ የሚቆጣው ብዙ ጊዜ አስተዳደጉ የተወቀሰ ስለሚመስለው ነው። ኤዲኤችዲ ግን በአብዛኛው በዘር የሚወረስ እንጂ ከአስተዳደግ ጉድለት የሚመጣ አይደለም፤ ይህን ከመምህር አፍ መስማት ብዙ ወላጆችን ያሳርፋል።

ጥያቄ (አባት፣ ሜክሲኮ)፦ የልጄ መምህርት «ጨዋ ናት፣ ግን ልቧ ክፍል ውስጥ የለም» አሉኝ። ዝምተኛ ልጅም ይህ ችግር ሊኖርባት ይችላል?

መልስ፦ አዎን። ሳይቅበጠበጡ ትኩረት ብቻ የሚያጥራቸው አሉ፤ ማንንም ስለማያውኩ፣ በተለይ ሴቶች ልጆች፣ ሳይታወቅላቸው ዓመታት ያልፋሉ። የጀመረችውን ሳትጨርስ መተው፣ እርሳስና ሹራብ መጣል፣ የምታውቀውን በቸልታ መሳሳት ይታይባት እንደሆነ መምህርቷን ይጠይቁ። ለጥቂት ሰከንዶች ፈዝዛ ስትነካም የማትሰማ ከሆነ ግን የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ሐኪም ያሳዩ።

ጥያቄ (እናት፣ ልደታ)፦ መምህሩ ልጄ ትኩረት እንደሚያጥረው ነገረኝ፤ ካርቱን ሲያይ ግን ሁለት ሰዓት አይነቃነቅም። ታዲያ መምህሩ አጋነነ?

መልስ፦ አላጋነነም። እነዚህ ልጆች ወዲያው የሚያስደስታቸውን ነገር ተመስጠው ይከታተላሉ፤ የሚቸግራቸው አሰልቺውንና ውጤቱ የሚዘገየውን ነው።

ጥያቄ (አባት፣ ስድስት ኪሎ)፦ ልጄን የካቲት 12 ሆስፒታል አሳይተን ሜቲልፌኒዴት የተባለው የኤዲኤችዲ መድኃኒት ታዘዘለት። ለመምህሩ ልንገር ወይስ ስም ያወጡበታል?

መልስ፦ ምስጢር እንዲጠብቁ ጠይቀው ለክፍል ኃላፊው መምህር ብቻ ይንገሩ። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ሊቀንስ ስለሚችል ምሳውን መብላት አለመብላቱን የሚያየው መምህሩ ነው። አጭር ጊዜ የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ኃይሉ ከተዋጠ አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ ስለሚያልቅ፣ ጠዋት ተረጋግቶ ከምሳ በኋላ የሚቅበጠበጥ ከሆነ ሰዓቱን መዝግቦ ይስጥዎትና በቀጠሮው ቀን ለሐኪሙ ያሳዩ፤ መጠኑንም ሆነ ሰዓቱን የሚለውጠው ሐኪሙ ብቻ ነው።