«አንተስ?» ብሎ ለጠየቀ ልጅ ምን ይመለስለታል?

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጅ አለኝ፤ 9ኛ ክፍል ነው። ሱሪውን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ከንፈር ስር የሚደረገውን ትምባሆ አገኘሁ። ደንግጬ ለአባቱ ነገርኩት። አባቱ ራሱ ይህንኑ ነገር ለዓመታት ይጠቀማል፤ አንዳንዴ ገዝቶ የሚያመጣለትም ልጁ ነበር። ጠራውና በጥፊ መታው። ልጁ አላለቀሰም፤ «አንተስ?» ብሎት ክፍሉ ገባ። ይኸው ሳይነጋገሩ ሁለት ሳምንት ሆናቸው። እኔን «የኳስ ቡድናችን ልጆች ሁሉም ይጠቀማሉ፣ ምን ችግር አለው?» ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ አሁን ንዴቱ ሲበርድለት «ቢያንስ ሲጋራ አይደለም፣ ጭስ የለውም» ማለት ጀምሯል። ትምህርት ቤት ልቀይርለት? ግራ ገብቶኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ቦታ ላይ ቆምኩ። አንዱ «አንተስ?» የሚለው ነው። ሌላው አንቺ እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽው ያለፍሽው፣ «ገዝቶ የሚያመጣለትም ልጁ ነበር» የሚለው። ስለ ጓደኞቹ እመጣለሁ፣ እነሱም አሉበት። ግን ልጅሽ ይህን ነገር መጀመሪያ ያየው ኳስ ሜዳ ላይ አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ ነው፣ ያውም በሚወደው ሰው እጅ። ሱቅ ተልኮ ሲያመጣ ደግሞ «ይህ የወንዶች ነገር ነው፣ አንተም ደርሰሃል» ተብሎ የተነገረው ያህል ነው፣ ማንም አፉን አውጥቶ ባይለውም።

መቼም ጥፊው ከፍርሃት የመጣ ነው፤ አባትየውን አልኮንነውም። ችግሩ ልጁ ጥያቄ ጠየቀ፣ መልስ ግን አላገኘም። ጥያቄው ደግሞ ትክክል ነው።

ባለቤትሽ «ጭስ የለውም» ወዳለው ነገር ልምጣ። ግማሹ እውነት ነው። ጭስ ስለሌለ ሳንባው እንደ አጫሽ ሳንባ አይጎዳም። መርዝ የለውም ማለት ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ጭስ አልባ ትምባሆን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠላቸው ነገሮች ተርታ ነው የመደበው፤ የአፍ፣ የምግብ ቧንቧና የቆሽት ካንሰር። ካንሰር የሚያመጡት ንጥረ ነገሮች ብቻ ከሃያ በላይ ናቸው። ድድ ይሸሻል፣ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነጭ ምልክት ይወጣል። ደግሞስ ለ15 ዓመት ልጅ ማወዳደሪያው ለምን ሲጋራ ይሆናል? ልጅሽ ሲጋራ ትቶ ወደዚህ አልመጣም። ከምንም ነው የመጣው።

እኔን በይበልጥ የሚያሳስበኝ ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲኑ ነው። በአፍ ውስጥ ባለው ስስ ሽፋን በኩል ደም ውስጥ ይገባል፤ ከሲጋራው ትንሽ ዘግየት ይላል፣ ግን ደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። የሰው አእምሮ ደግሞ፣ በተለይ ቆም ብሎ የሚያስበው ክፍል፣ እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየተሠራ ነው። በዚህ ዕድሜ የገባ ሱስ ሥር የሚሰደው ለዚህ ነው። የትምባሆ ቅጠል የሌለባቸው አዲሶቹ የኒኮቲን ከረጢቶችም ቢሆኑ ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲን አለባቸው፤ «ይሄኛው ትምባሆ አይደለም» ቢልሽ እንዳትታለዪ።

አንድ ታሪክ አለ። ሾን ማርሲ የሚባል የአሜሪካ ተማሪ ነበር፤ ጎበዝ ሯጭ። በ12 ዓመቱ ከንፈሩ ስር ማድረግ ጀመረ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ገና በ19 ዓመቱ በአፍ ካንሰር ሞተ። የምነግርሽ አንቺ እንድታውቂው ነው እንጂ ልጅሽን እንድታስፈራሪበት አይደለም። «እሱ ከስንት አንድ ነው» ይልሻል፣ በዚያ ዕድሜ ብርቅ መሆኑም እውነት ነው፣ ከዚያ በኋላ የምትናገሪውን ሁሉ አይሰማሽም። የ15 ዓመት ልጅ ስለ 40 ዓመቱ ብታወሪለት ስለ ሌላ ሰው የምታወሪ ነው የሚመስለው። ስለ አፉ ጠረን፣ ስለ ጥርሱ፣ ስለሚያልቅበት የኪስ ገንዘብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ያለሱ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አቃተህ ወይ?» ስለሚለው ብታነሺበት ይሻላል።

አሁን ጓደኞቹ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጋርድነርና ስታይንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች ታዳጊዎችንና አዋቂዎችን የመኪና መንዳት ጌም አጫወቱ፤ አንዳንዱን ብቻውን፣ አንዳንዱን እኩዮቹ አጠገቡ ቆመው። ታዳጊዎቹ ጓደኛ ሲያያቸው የሚወስዱት አደጋ በጣም ጨመረ። አዋቂዎቹ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልመጣም። እና ልጅሽ ቤት ውስጥ አስተዋይ ሆኖ ሜዳ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን አስመሳይ ነው ማለት አይደለም። ትምባሆው ጭስ ስለሌለው ደግሞ መምህሩ ፊት ተቀምጠውም ይቻላል። ይሄ ራሱ ጨዋታ ነው፤ አንዱ ዕቃውን ያቀብላል፣ ሌላው ይቀበላል፣ የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። የሚያገኘው ኒኮቲን ብቻ አይደለም፤ ከእነሱ አንዱ መሆንንም ነው።

«ሁሉም ይጠቀማሉ» ያለሽን ግን አትመኚው፣ አትከራከሪውም። ወጣቶች የሚጠቀሙ እኩዮቻቸውን ቁጥር አብዝተው ነው የሚገምቱት፤ የሚጠቀመው ይታያል፣ የማይጠቀመው ዝም ይላል። ዝም ብለሽ «እስቲ ቡድኑ ውስጥ ስንት ናችሁ? ከነሱ ውስጥ ማን ማን?» በይውና ራሱ ይቁጠር። ሲቆጥር ብዙ ጊዜ «ሁሉም» የተባለው ሦስት አራት ልጅ ሆኖ ይገኛል። ስሞቹን ለማንም እንዳታወጪ፤ አንዴ ካወጣሽ ሁለተኛ አይነግርሽም።

ትምህርት ቤት መቀየሩን እኔ አልመክርም። ኒኮቲኑን ይዞት ነው የሚሄደው፣ ኳሱንና ቡድኑን ግን ያጣል፣ አዲሱ ቦታም ቢሆን መጀመሪያ የሚቀርበው የሚመስለውን ልጅ ነው። አስገድደውት ወይም እያስፈራሩት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ከትምህርት ቤቱ ጋር መነጋገር አለብሽ።

ኪሱን መፈተሹንም ተዪው። ሲጋራ ቢሆን ልብሱ ይሸት ነበር፤ ይሄ ግን ለመደበቅ የተመቸ ነው፣ ፍተሻውን ባጠበቅሽ ቁጥር እሱም መደበቂያውን ያሻሽላል።

ስታወሪው ፊት ለፊት አስቀምጠሽው አይሁን፣ ችሎት ይመስላል። እየሄዳችሁ ወይም አብራችሁ ሥራ እየሠራችሁ ይሁን። «ምን ይሰጥሃል?» በይው፣ ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይከብድሻል፣ ቻዪው። ሌላም እኛ ባለሙያዎች የምንጠቀምባት ጥያቄ አለች፦ «ማቆም ላንተ ከ0 እስከ 10 ምን ያህል ይጠቅምሃል?» 3 ቢልሽ አትናደጂ፣ «ለምን 0 አላልክም?» በይው። መልሱን ሲፈልግ ማቆም ለምን እንደሚጠቅመው ራሱ መናገር ይጀምራል፣ አንቺ ከምትሰብኪው ይልቅ ከራሱ አፍ የወጣው ነው የሚይዘው። በወሬያችሁ መሃል፣ ጠዋት ሲነሳ ስንት ሰዓት ቆይቶ እንደሚፈልገው ጠይቂው። በነቃ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሆነ ሱሱ ጠንክሯል፣ ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው።

ለጓደኞቹ የሚለው አጭር ነገርም ይኑረው። «እናቴ ከለከለችኝ» አይሆንም፣ ሞቱ ነው። «አልፈልግም፣ ኳሷን አቀብል» ይበቃል። ቤት ውስጥ እየሳቃችሁ ብትለማመዱት ሜዳ ላይ በቀላሉ ይወጣለታል። ከመካከላቸው ማቆም የሚፈልግ አንድ ልጅ ካለ ደግሞ ሥራው በግማሽ ቀለለ።

ሲያቆም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይከብዱታል። ይነጫነጫል፣ ጥናት አይገባለትም፣ እንቅልፍ ሊረበሽ ይችላል። ብልግና እንዳይመስልሽ። አብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል፤ አንዱ የአምሮት ማዕበል ደግሞ የሚቆየው ደቂቃዎች ነው፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ወጣ ብሎ ተመልሶ ያልፋል። መንገድ ላይ አንዴ ቢመለስበት ከዜሮ ጀመረ ብለሽ አታስቢ፣ ብዙ ሰው ደጋግሞ ሞክሮ ነው የሚያቆመው።

ይህን ሁሉ ብታደርጊ እንኳ አባትየው ካልገባበት አንካሳ ነው። ይህን መልሴን አስነብቢው፣ የሚቀጥለው ለእሱ ነው። ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስለ ጥፊው ይቅርታ ጠይቀው፣ ክብርህ አይቀንስም። ቀጥሎ መልሱን ስጠው፦ «እኔ የጀመርኩት ሳላውቅ ነው፣ አሁን ላቁም ብል እያቃተኝ ነው፣ አንተም እንደኔ እንዳትያዝ ፈርቼ ነው የመታሁህ።» በራስህ አባባል በለው፣ እውነት የሆነውን ብቻ። ማቆም ብትችል ከልጅህ ጋር በአንድ ቀን ጀምሩ። ዛሬ አልችልም ካልክ ደግሞ ቢያንስ ፊቱ አትጠቀም፣ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አትተው፣ ሱቅም አትላከው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው የዓለም የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት አገሮች ለልጆች ትምባሆ እንዳይሸጥ እንዲከለክሉ ያስገድዳል፤ «ለአባቴ ነው» የምትለዋ ቃል ግን ባለሱቁንም ልጁንም አንድ ላይ ታሳልፋቸዋለች።

በሚቀጥለው ሳምንት ጥርስ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዙ፣ ለሁለቱም። ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ወይም ነጭ ምልክት ካለ መታየት አለበት፤ ለዓመታት የተጠቀመው ደግሞ አባትየው ስለሆነ ቀድሞ አፉን የሚከፍተው እሱ ይሁን፣ ልጁም አጠገቡ ተቀምጦ ሐኪሙ የሚለውን ይስማ።