ባዶ ግድግዳ ያነበቡልኝ ልጆች

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ያየሁት ማታ ነው። «ሁለተኛ ክፍል 60 ምናምን ልጅ ይዤ የጋራ ንባብ እንዴት ላስኪድ? መጽሐፉ ለሦስት አንድ ነው፣ ግማሾቹ ደግሞ ቤታቸው አማርኛ አይናገሩም» ብለሃል። አቦ፣ የኔን ክፍል ነው የጻፍከው! እኔም ድሬ ነኝ፣ የኔዎቹ 64 ነበሩ። «እኔ ላንብብ፣ አብረን እናንብብ፣ እናንተ አንብቡ» የሚለውን በየሥልጠናው ስለሰማኸው አልደግመውም።

1. ፊደሉ ይተልቅ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መምህሩ ዶን ሆልዳዌይ ኒውዚላንድ ውስጥ የጋራ ንባብን ሲያስፋፋ ሐሳቡ ቀላል ነበር። ልጅ እናቱ ጉያ ሆኖ ገጹን እያየ ተረት እንደሚሰማው፣ ክፍሉም በሙሉ አንድ ገጽ ይይ ነው። ጽፈህ ስትጨርስ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ሄደህ ቁጭ በልና እየው። ወረቀት አትግዛ። የሲሚንቶ ከረጢት ለምነህ አምጣ፤ የወረቀቱን ማለቴ ነው። ሲሚንቶው ያልነካው ሽፋን ንጹሕ ነው። ስኮችም አትመን፣ በኛ ሙቀት ረፋዱ ላይ ይላቀቃል። ገመድ ወጥረህ በልብስ መቆንጠጫ ስቀለው።

2. መጠቆሚያህ አርጩሜ አይምሰል። የኔን ሳነሳ ፊት ያሉት ልጆች አንገታቸውን ይቀብሩ ነበር። ለካ እንደምመታቸው ነው የሚያስቡት። የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ላይ ቀይ ክር አሰርኩና ተገላገልኩ።

3. አብረው ሲጮኹ አትመን። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው።

ማርከርና ወረቀት ልጠይቅ አንድ ቢሮ ሦስት ከሰዓት ተመላለስኩ። ሰውዬው ከስልኩ ቀና ሳይል «ቾክ ተሰጥቷችሁ የለም እንዴ? ጭራሽ ሲኒማ አማራችሁ?» አለኝ። እልህ ያዘኝ። ከኪሴ 1,800 ብር አውጥቼ የአንዲት በግ ተረት በባነር አሳተምኩ። ያኔ ለኔ ትንሽ ብር አልነበረም። ሥዕሉ ግድግዳውን ሞላው፣ ጽሑፉ ግን ከታች ሁለት መስመር ነው። በሳምንቱ ክፍሉ እንደ መዘምራን ያነበንበው ጀመር። እንግዶች መጡ፣ አጨበጨቡ። ያ ሰውዬ ራሱ ባነሬ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ተነሣ!

አንድ ጠዋት ባነሩን ቤት ረስቼው መጣሁ። «ነገ እዚህ እንሰቅለዋለን» ልል ሽቦዬን ባዶው ግድግዳ ላይ ሳሳርፍ፣ ልጆቹ ከርዕሱ ጀምረው እስከ መጨረሻው አነበቡልኝ። አንዲት ቃል አልሳቱም። አንደኛው እንዲያውም ወደ ኋላ ዞሮ ከጓደኛው እስክሪብቶ እየተቀበለ ነበር።

ሀሁን በዜማ፣ ቁርአኑንም በዜማ የለመደ ልጅ እኮ ነው፤ አጭር ተረት በሁለት ቀን በቃሉ ይይዛል። እኔ ግን መንፈቅ ሙሉ ያነባሉ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያዳነኝ ቁራጭ ወረቀት ነው። «ግመሏ እንጨት ተሸከመች» የሚለውን እጽፍና «እንጨት»ን እሸፍነዋለሁ። «ጨው!» ይላል አንዱ፣ «ከሰል!» ይላል ሌላው። ሁሉም ትክክል ሊሆን ይችላል። ቀስ ብዬ «እ»ን ብቻ ስገልጥ ዓይናቸው ሲፈጥ ታያለህ። ያኔ ነው የሚያነቡት። ደግሞ ቃላቱን ቆራርጠህ ቦታ አቀያይርባቸው። አንዳንዴ አንዱን ረድፍ ብቻ አስነብብ፣ አንዳንዴ መሐል ላይ ቀጥ በልና «ሽቦው የት ነው ያለው?» በል። በሽቦው ከፊደል ፊደል አትዝለል፣ ከቃሉ ሥር ጎትተው፤ አለበለዚያ «ግ… መ… ሏ» እያሉ ይቀራሉ።

ስለ ቋንቋው አብሽር። ከማንበባችን በፊት «ውሃ ቤታችሁ ምን ይባላል?» እላለሁ። «ቢዮ!» «ቢሻን!» ይላሉ። ሁሉንም ተቀብዬ «እዚህ ደግሞ እንዲህ ተጽፏል» እልና አሳያለሁ። ወር ሙሉ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅስ የነበረች፣ ቤቷ ሶማሊኛ ብቻ የምትናገር ልጅ፣ ከሁሉ ቀድማ «እንጨት»ን ከ«እንጀራ» ለይታ ያወጣችልኝ እሷ ናት። እኔ ነኝ ያስተማርኳት፤ ልኩራበት።

የጠዋቱን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ያዝ፣ 15 ደቂቃ ይበቃል። አንዱን ጽሑፍ እስከ አራት ቀን አቆየው፣ ከዚያ ቀይረው። ባነር ግን እንዳታሳትም። የኔው አሁን ሰፈራችን ቡና የምታፈላው ልጅ ጋ ለፀሐይ መከላከያ ተወጥሯል። የበጓ ቀለም ለቋል፤ ጥላው ግን አሪፍ ነው።