መልስ፦ ውስኪና ጤና
ወንድሜ፣ «ቅዳሜ ማታ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ውስኪ እጠጣለሁ፤ ጤናዬ ሳይጎዳ እንዴት ላድርግ?» ላልከው፦ እውነት ለመናገር፣ ምንም የማይጎዳ መጠን የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በፈረንጆቹ 2023 ይህንኑ ብሏል። ጉዳቱን መቀነስ ግን ይቻላል። እኔ መጀመሪያ የዓሣ ጉላሼን እበላለሁ። በባዶ ሆድ ውስኪ ቶሎ ነው አናት ላይ የሚወጣው። ከዚያ አንድ መለኪያ፣ ቢበዛ ሁለት። 40 በመቶ አልኮል ያለው ውስኪ፣ 40 ሚሊ ሊትሩ ወደ 13 ግራም ንጹህ አልኮል ይይዛል። ጉበት እሱን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር አያፋጥነውም። በኮካ ፋንታ በአምቦ ውሃ አቅጥነው፣ ስኳሩ ይቀርልሃል። (አልኮሉ ግን ያው ነው፣ እንዳትሸወድ!) የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ሐኪምህን ሳትጠይቅ አትቅመስ። መኪናህንም ቤት ተዋት፤ ባጃጅ ሞልቷል።